ከኦባማ ወደ ትራምፕ፦ የአንዲት አነስተኛ የአዮዋ ከተማ ድምፅ ምን ይነግረናል?

ክሬስኮ 4 ሺህ የማይሞሉ ነዋሪዎች ያሏት አነስተኛ ከተማ ናት። በአሜሪካዋ አዮዋ ግዛት ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከሚኒሶታ ወሰን አቅራቢያ የምትገኝ ሲሆን፣ የሃዋርድ ካውንቲ መቀመጫም ናት። ካውንቲ ከግዛት በታች ያለ፣ እንደ አውራጃ ሊታይ የሚችል የአስተዳደር እርከን ነው። በዙሪያዋ በቆሎና አኩሪ አተር ይመረታል፤ ከብትና አሳማም ይረባል። የአረንጓዴው አብዮት አባት የሚባሉት የኖቤል ተሸላሚ ኖርማን ቦርሎግ የተወለዱት በዚሁ አካባቢ ነው። እኚህ ሳይንቲስት ከ1990ዎቹ ጀምሮ በሳሳካዋ ግሎባል 2000 መርሃ ግብር አማካይነት ከኢትዮጵያ ገበሬዎች ጋር ሠርተዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የፖለቲካ ተመራማሪዎች ግን ሃዋርድን የሚያነሱት በሌላ ምክንያት ነው። በ2012 ባራክ ኦባማ በዚህ ካውንቲ ሚት ሮምኒን ከ20 በመቶ ነጥብ በላይ በሆነ ልዩነት አሸነፉ። በ2016 ደግሞ ዶናልድ ትራምፕ ሂላሪ ክሊንተንን እዚያው ከ20 በመቶ ነጥብ በላይ በሆነ ልዩነት ረቱ። ከ3 ሺህ በላይ ከሚሆኑት የአሜሪካ ካውንቲዎች መካከል እንዲህ ዓይነት መገለባበጥ የታየው በሃዋርድ ብቻ ነው።

ሃዋርድ ብቻዋን አልነበረችም

በአገሪቱ ቆጠራ መሥሪያ ቤት አከፋፈል መካከለኛው ምዕራብ 12 ግዛቶችን ያቅፋል። ከእነዚህ አንዷ በሆነችው አዮዋ ብቻ፣ ኦባማን ሁለት ጊዜ መርጠው በ2016 ወደ ትራምፕ የዞሩ 31 ካውንቲዎች ነበሩ። ግዛቲቱ ካሏት 99 ካውንቲዎች ክሊንተን ያሸነፉት በስድስቱ ብቻ ሲሆን፣ እነሱም ትልልቅ ከተሞችና ዩኒቨርሲቲዎች የሚገኙባቸው ናቸው።

ይህ ማለት ግን እያንዳንዱ መራጭ አቋሙን ቀየረ ማለት አይደለም። የካውንቲ ውጤት የድምር ውጤት ነው፤ አንዳንዱ ፓርቲ ይለውጣል፣ አንዳንዱ ከቤቱ ይቀራል፣ ሌላው ለመጀመሪያ ጊዜ ይመርጣል። ያም ሆኖ ልዩነቱ ይህን ያህል ሲሰፋ፣ ብዙ ሰዎች ከኦባማ ወደ ትራምፕ መሻገራቸው አያጠራጥርም።

ለምን ዞሩ?

ተንታኞች አንድ ምክንያት ብቻ አይጠቅሱም። በ1980ዎቹ የገበሬዎች የዕዳ ቀውስ ብዙ ቤተሰቦች መሬታቸውን አጥተዋል። ከዚያ በኋላም እርሻዎች በጥቂት እጆች እየተጠቃለሉ፣ ወጣቶች ለትምህርትና ለሥራ ወደ ከተማ እየሄዱ፣ የቀረው ሕዝብ በዕድሜ እየገፋ መጥቷል። በብዙ የአካባቢው ከተሞች ፋብሪካዎች ተዘግተዋል፤ ዲሞክራቶችን ከሠራተኛው ጋር ያስተሳስሩ የነበሩት የሠራተኛ ማኅበራትም ተዳክመዋል።

በ2008 ኦባማ ለውጥ አመጣለሁ ብለው ሲነሱ፣ የመጀመሪያውን ትልቅ ድል ያገኙት በአዮዋ የፓርቲ ስብሰባ፣ ማለትም በኮከሱ ነበር። በ2016 ደግሞ የንግድ ስምምነቶችን እያወገዙና ስደትን እገታለሁ እያሉ ለውጥ የሚል ቃል የገቡት ትራምፕ ነበሩ። ከዘጠና በመቶ በላይ ነዋሪው ነጭ በሆነበትና የአራት ዓመት ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ጥቂት በሆኑበት አካባቢ መልእክቱ ሰሚ አገኘ። በስደትና በማንነት ጉዳዮች ላይ ያለ አቋምም ከኑሮ ጥያቄ ባላነሰ ድምፅን እንደወሰነ በርካታ ጥናቶች ያመለክታሉ።

ድምፁ ለምን አልተመለሰም?

በ2018 ቻይና ለትራምፕ ቀረጥ አጸፋ ስትሰጥ፣ በአሜሪካ አኩሪ አተር ላይ የ25 በመቶ ቀረጥ ጣለች። ጉዳቱ አዮዋን ከባድ አድርጎ ነካት። ይሁን እንጂ መንግሥት ለገበሬዎች በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ድጎማ ከፈለ፤ በ2020ም ትራምፕ በሃዋርድ ያሸነፉበት ልዩነት ጭራሽ ሰፋ። በ2024 በመላ አዮዋ ያሸነፉበት ልዩነት 13 በመቶ ነጥብ ደርሷል።

ከዚህ መረዳት የሚቻለው፣ ቀድሞ በሰውየውና በጊዜው የኑሮ ሁኔታ ይወዛወዝ የነበረው ድምፅ ወደ ፓርቲ ታማኝነት እየጠነከረ መሄዱን ነው። የአካባቢ ጋዜጦች ሲዳከሙ ነዋሪው ፖለቲካን የሚከታተለው በአገር አቀፍ ቴሌቪዥንና በማኅበራዊ ሚዲያ ሆኗል። የመንገድና የትምህርት ቤት ጉዳይ ሳይቀር በዋሽንግተን ክርክር መነጽር ይታያል።

የጥቂቶች ድምፅ፣ የብዙዎች ዕጣ

በመላው ሃዋርድ በአንድ ፕሬዝዳንታዊ ምርጫ የሚሰጠው ድምፅ 5 ሺህ ገደማ ነው። በ48 ግዛቶች ግን አብላጫ ድምፅ ያገኘ ዕጩ የግዛቱን የኤሌክቶራል ኮሌጅ ድምፅ በሙሉ ስለሚወስድ፣ የትንንሽ ከተሞች ድምር ውጤት ይለውጣል። በ2016 ሚሺጋን፣ ዊስኮንሲንና ፔንስልቬንያ ወደ ትራምፕ ያዘነበሉት በድምሩ ከ80 ሺህ ባነሰ የድምፅ ልዩነት ነበር።

ውጤቱ እስከ አፍሪካ ቀንድ ተሰምቷል። ትራምፕ ሥልጣን በያዙ በሳምንቱ የሶማሊያና የሱዳን ዜጎችን ጨምሮ የሰባት አገራት ሰዎች ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ አገዱ። ሁለተኛው አስተዳደራቸው ደግሞ በ2025 ኢትዮጵያን ሲረዳ የቆየውን ዩኤስኤይድን ዘጋ። ናይሮቢ ወይም አዲስ አበባ ሆኖ ቪዛ ወይም እርዳታ የሚጠባበቅ ሰው የክሬስኮን ስም ሰምቶ ላያውቅ ይችላል፤ እንደ እሷ ያሉ ከተሞች የሚሰጡት ድምፅ ግን ዕጣውን ይነካል።