የተሸጎጠ ብረት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሱሉልታ ውስጥ አንድ ሠርግ ላይ ነበርኩ። ሙሽሮቹ ሲገቡ በዕድሜ የገፉ አንድ ዘመድ ደስታ አላስችል ብሏቸው ሽጉጣቸውን ከወገባቸው መዘዙና ወደ ሰማይ ተኮሱ። አንደኛው ጥይት ደህና ወጣ። በሁለተኛው እጃቸው ወደ ላይ ተወረወረ። በሦስተኛው አፈሙዙ ወደ ኋላ ዞረና ጥይቱ በዳሱ አናት ላይ አለፈ። ሰው አልተጎዳም። እልልታው ግን ቀጥ አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለዚህ ትንሽ መሣሪያ ማንበብና መጠየቅ ጀመርኩ።

«ሽጉጥ» የሚለው ስም «ሸጎጠ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው። ጠመንጃ በትከሻ ላይ ለሁሉም ይታያል፤ ሽጉጥ ግን ባለቤቱ ካልፈለገ በቀር አይታይም። ከጠመንጃ የተለየ ታሪክ የሰጠውም ይኸው ጠባዩ ነው።

በታሪካችን እጅግ የታወቀው ሽጉጥ የአፄ ቴዎድሮስ ነው። የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን በ1855 ዓ.ም. ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከ ጥንድ ሽጉጥ ይዞ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቀረበ። ንጉሡም ለንግሥቲቱ ደብዳቤ ላኩ። መልስ ጠፋ፤ ቆንስሉ ታሰረ፤ በመጨረሻም የናፒየር ጦር መጣ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ እጅ ከመስጠት ሽጉጣቸውን ጠጡ። ሽጉጡም ከዚያው ስጦታ አንዱ እንደነበረ ይነገራል። ለወዳጅነት የመጣው ብረት የጠቡ መደምደሚያ ሆነ።

በዚያ ዘመን አብዛኛው ሽጉጥ ባሩዱም እርሳሱም በእጅ ይጎርስ ስለነበር፣ የተኮሰ ሰው እንደገና እስኪያጎርስ ድረስ የማሰቢያ ጊዜ ነበረው። ይህን ጊዜ ያሳጠረው በአውሮፓውያን 19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የመጣው ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ ነው። ጥይቱ ሲተኮስ የሚፈጠረው ግፊት የላይኛውን ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ይገፋል፤ ባዶው ቀለህ ይወጣል፤ ሞላው ብረቱን ሲመልሰው ደግሞ አዲስ ጥይት ከካዝናው ይጎርሳል። ለተኳሹ የቀረው ሥራ ለእያንዳንዱ ጥይት ቃታ መሳብ ብቻ ነው። በደርግ ዘመን ከሶቪየት መሣሪያዎች ጋር ስሙ የገነነው ማካሮቭ በዚህ ዘዴ የሚሠራ ሲሆን ካዝናው 8 ጥይት ይይዛል። ዛሬ ባለ 9 ሚሊሜትሩ ሙሉ መጠን ሽጉጥ ብዙውን ጊዜ 17 ይይዛል።

የሠርጉ ሽማግሌ እጅ ለምን ተወረወረ? አፈሙዙ ከጨበጠው እጅ በላይ ስለሚገኝ የተኩሱ ግፊት ሽጉጡን ወደ ኋላ ብቻ ሳይሆን ወደ ላይም ያዞረዋል። ለዚህ የተበጀው መላ ኮምፔንሴተር ይባላል። አፈሙዙ ጫፍ ላይ ወደ ላይ የተከፈቱ ቀዳዳዎች አሉት፤ ትኩሱ ጋዝ በእነሱ ሲወጣ አፈሙዙን ወደ ታች ይጫነዋል። ተኳሹ ዒላማውን ሳይስት ቶሎ ቶሎ መተኮስ ይችላል። ዕዳም አለው፤ ድምፁ ይበረታል፤ በጨለማ ብልጭታው ዓይን ይወጋል፤ ጥይቱ ደካማ ከሆነ አንዳንድ ጊዜ ተንሸራታቹ በቅጡ አይመለስም። ቀድሞ በውድድር ተኳሾች እጅ ይታይ የነበረው ይህ መሣሪያ ዛሬ ከፋብሪካ ተገጥሞ ይሸጣል።

እንግዲህ ከመቅደላ እስከ ዛሬ የተሠራው ሥራ ሁሉ መተኮስን ማቅለል ነው። መተኮስ በቀለለ መጠን የያዘው ሰው ኃላፊነት ይከብዳል። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲገቡ ተያዙ ስለተባሉ የቱርክ ሥሪት ሽጉጦች በተደጋጋሚ ሰማን። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ወጣ። ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ያሉት ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ የጎጃም፣ የአምቦና የጅማ መንገዶች ወደ መዲናዋ የሚገቡባቸው በሮች ናቸው። በእነዚህ በሮች ስንፈተሽ ብዙዎቻችን እናጉረመርማለን፤ እኔም አጉረመርም ነበር። ፈታሹ የሚፈልገው ግን ስሙ እንደሚለው የተሸጎጠውን ነው።

እኒያ ሽማግሌ በሠርጉ ማግሥት ሽጉጡን ቤታቸው ቆልፈውበት መጡ። «ለደስታ እልልታ ይበቃል» አሉኝ።