የሞተርሆም የጣሪያ ኤር ኮንዲሽነር፤ ጋዙ ሲታገድ ማሽኑም ይጣላል?

ሞተርሆም የሚባለው አልጋ፣ ማዕድ ቤትና መታጠቢያ ያለው፣ ባለቤቱ እየነዳ ከከተማ ከተማ የሚዘዋወርበት መኪና ነው። በአገራችን እምብዛም ባይታወቅም በአሜሪካ ቤተሰቦች ዕረፍታቸውን የሚያሳልፉበት፣ አንዳንድ ጡረተኞችም ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩበት ነው። እኔ የማቀዝቀዣ ጥገና ባለሙያ ስሆን የምኖረው በኔቫዳ ግዛት፣ በላስ ቬጋስ ከተማ ነው። በዚህች ከተማ እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 2024 ሙቀቱ 48.9 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ደርሶ ክብረ ወሰን ሆኖ ተመዝግቧል። በእንዲህ ያለ ቀን ግድግዳው ስስ በሆነ መኪና ውስጥ ለሚያድሩ አረጋውያንና ሕፃናት ኤር ኮንዲሽነር የሕይወት ጉዳይ ነው።

ባለንብረቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «የማሽኔ ጋዝ ታግዷል ተብያለሁ፤ አውጥቼ ልጣለው?» የሚል ነው። መልሴ በጋዙ መታገድ ብቻ የሚሠራ ማሽን አይጣልም የሚል ነው። ምክንያቱን ከዚህ በታች በዝርዝር አቀርባለሁ።

ሁለት የተለያዩ ማሽኖች

አንድ ሞተርሆም አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ኤር ኮንዲሽነር አለው። አንደኛው እንደ ማንኛውም መኪና በሞተሩ ኃይል የሚሠራውና ሹፌሩን የሚያቀዘቅዘው ነው። ይህኛው ቀድሞ አር-12፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ አር-134ኤ የተባለውን ጋዝ ይጠቀማል፤ በአዳዲሶቹ መኪኖች ደግሞ አር-1234ዋይኤፍ ተተክቷል። ሁለተኛው ጣሪያ ላይ የተቀመጠው፣ በ120 ቮልት ኤሌክትሪክ የሚሠራው ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ሁለተኛው ሲሆን ጋዙም ሆነ የአጠጋገን ሥርዓቱ ከመጀመሪያው የተለየ ነው። ለመኪና የሚሸጠውን ጋዝ በቆርቆሮ ገዝቶ የጣሪያውን ማሽን ለመሙላት መሞከር ማሽኑን ያበላሻል።

ከአር-22 እስከ አር-32

የጣሪያ ማሽኖች ለረዥም ዓመታት የሠሩት አር-22 በተባለው ጋዝ ነበር። ይህ ጋዝ ክሎሪን ስላለው ምድርን ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከላከለውን የኦዞን ንጣፍ ያሳሳል። እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል መሠረትም ቀስ በቀስ ከአገልግሎት እንዲወጣ ተወስኗል። በአሜሪካ ከ2010 ጀምሮ አዲስ ማሽን በአር-22 መሥራት ቆመ፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ደግሞ አዲስ አር-22 ማምረትና ማስገባት ተከለከለ። ይሁን እንጂ ከአሮጌ ማሽኖች ተሰብስቦና ተጣርቶ የቀረበውን መሸጥም ሆነ ያለውን ማሽን መጠቀም አልተከለከለም።

ቦታውን የወሰደው አር-410ኤ ነው። ይህ ጋዝ ኦዞንን አይጎዳም፤ ነገር ግን ከባቢ አየርን በማሞቅ ረገድ ክብደቱ እኩል ከሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 2,088 ጊዜ ያህል የበረታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የጸደቀው የኪጋሊ ማሻሻያ ዒላማ ያደረገው እንዲህ ያሉትን ጋዞች ሲሆን፣ አሜሪካም በ2020 ባወጣችው ሕግ እስከ 2036 ድረስ ምርትና ፍጆታቸውን በ85 በመቶ ለመቀነስ ወስናለች። አምራቾች አሁን ፊታቸውን ካዞሩባቸው ጋዞች አንዱ አር-32 ነው። የማሞቅ አቅሙ 675 ሲሆን፣ በጥቂቱም ቢሆን የመቀጣጠል ባሕርይ አለው።

ጋዙ አያልቅም

ብዙዎች ጋዝን እንደ ቤንዚን እየነደደ የሚያልቅ ይመስላቸዋል። ጋዙ ግን በታሸገ ቧንቧ ውስጥ ይዞራል፤ ሙቀትን ከውስጥ ተሸክሞ ውጭ ያራግፋል። የጣሪያው ማሽን ፋብሪካ ውስጥ በብየዳ የታሸገ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የመሙያ አፍ እንኳን የለውም። ስለዚህ ጋዙ ከጎደለ አንድ ቦታ አፈትልኳል ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይደፍኑ መሙላት ገንዘብን ወደ አየር መልቀቅ ነው። ቀዳዳ ፈልጎ፣ በይዶና አየሩን መጥጦ እንደገና ለመሙላት የሚጠየቀው የእጅ ዋጋም ብዙውን ጊዜ ወደ አዲስ ማሽን ዋጋ ስለሚጠጋ፣ ጋዝ ያፈሰሰ የጣሪያ ማሽን በአዲስ ቢተካ ይመረጣል።

በአር-22 ማሽን ውስጥ አር-410ኤ መሙላትስ? ፈጽሞ አይሞከርም። የአር-410ኤ ግፊት ከአር-22 በ60 በመቶ ያህል ይበልጣል፤ የሚፈልገው የኮምፕሬሰር ዘይትም የተለየ ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ «አር-22ኤ» በሚል ስም የሚሸጠው ነው። ስሙ ቢመሳሰልም ይዘቱ ፕሮፔንን የመሰለ ተቀጣጣይ ጋዝ ነው፤ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅትም በአር-22 ምትክ እንዳይሞላ አስጠንቅቋል። ሰው በሚተኛበት መኪና ጣሪያ ላይ ይህን መሙላት ምን ሊያስከትል እንደሚችል አንባቢ ይገምተው።

በመጀመሪያ ምርመራ

አንድ ጡረተኛ ባልና ሚስት «ጋዙ ስለታገደ የግድ አዲስ ግዙ» ተብለው ወደ እኔ መጡ። ከፍቼ ስመረምረው ጋዙ ሙሉ ነበር፤ የሞተው ኮምፕሬሰሩን የሚያስነሳው ካፓሲተር ነው። ዋጋው በአሥር ቤት በሚቆጠር ዶላር የሚያልቅ ዕቃ ሲሆን፣ አዲስ ማሽን ከነተከላው ግን ከ1 ሺሕ ዶላር በላይ ያስወጣቸው ነበር።

በመሆኑም ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የሚከተሉትን በቅደም ተከተል ይፈትሹ።

በመጀመሪያ ፊልትሮውን አውጥተው ይጠቡ፤ ጣሪያ ላይ ያለውን ኮንደንሰርም ከአቧራ ያጽዱ። ቀጥሎ የኤሌክትሪኩን ኃይል ይለኩ። በሙቀት ወቅት መኪና ማቆሚያው ሲሞላ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ከ105 ቮልት በታች ከሆነ ኮምፕሬሰሩን ስለሚያቃጥል ማሽኑን ያጥፉ። ከዚያም ለ20 ደቂቃ ያህል አሠርተው ወደ ማሽኑ የሚገባውንና ከማሽኑ የሚወጣውን አየር በቴርሞሜትር ይለኩ። ልዩነቱ ከ9 እስከ 12 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ከሆነ ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ምናልባት የመስኮቱ ፀሐይ ወይም የአየር ማከፋፈያው ቀዳዳ ሊሆን ይችላል። ካፓሲተሩን ግን ለባለሙያ ይተዉት፤ ኤሌክትሪክ ከጠፋ በኋላም ክፉኛ ሊያነዝር ይችላል።

መተካት የግድ ሲሆን

ደስ የሚለው ነገር አዲሱ ማሽን ከአሮጌው ጋር በጋዝ መመሳሰል አያስፈልገውም። ጋዙን ይዞ ታሽጎ ስለሚመጣ ባለ አር-22ን አንሥቶ ባለ አር-32 ማስቀመጥ ይቻላል። መመሳሰል ያለባቸው ሌሎች ነገሮች ናቸው። የጣሪያው ቀዳዳ በአብዛኞቹ ላይ 14 በ14 ኢንች፣ ማለትም 36 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ብዙ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው የጣሪያው ላይ ክፍልና የውስጠኛው ክፍል አለመግባባት ነው። የአንዱ ፋብሪካ የላይኛ ክፍል ከሌላው የታችኛ ክፍልና ከግድግዳው መቆጣጠሪያ ጋር ላይገጥም ስለሚችል ሁሉንም ባንድ ላይ መግዛት ይሻላል።

አቅሙም ከኤሌክትሪክ መስመሩ ጋር መመዛዘን አለበት። የተለመዱት መጠኖች 13,500 እና 15,000 ቢ.ቲ.ዩ. ናቸው። ባለ 30 አምፔር መስመር የሚሰጠው 3,600 ዋት ነው። አንድ ማሽን ብቻውን ከ12 እስከ 16 አምፔር ስለሚወስድ በዚህ መስመር ሁለት ማሽን በአንድ ጊዜ ማሠራት አይቻልም ማለት ይቻላል።

በተከላው ወቅት ጥንቃቄ የሚሻው የጎማ ማሸጊያው ነው። አራቱ ብሎኖች በእኩል ተራ በተራ ሲጠብቁ ማሸጊያው ወደ ግማሽ ውፍረቱ እስኪወርድ ይጨመቃል። ከላላ ዝናብ ያስገባል፤ ከጠበቀ ይቀደዳል። በቀዳዳው ዙሪያ ያለው እንጨት በስብሶ ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይጠገን። ማሽኑ ከ35 እስከ 50 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ብቻዎን መሰላል ላይ ይዘውት አይውጡ። አዲሱ ከአሮጌው ከፍ የሚል ከሆነ የመኪናዎን ጠቅላላ ቁመት እንደገና ለክተው ሹፌሩ ፊት ይለጥፉ፤ ድልድዩ አይምርም። አሮጌው ማሽን ከመጣሉ በፊትም ጋዙን ፈቃድ ያለው ባለሙያ መሰብሰብ አለበት፤ ወደ አየር መልቀቅ በሕግ የተከለከለ ነው።

ለአገር ቤት አንባቢም

ጉዳዩ የአሜሪካ መኪኖች ብቻ አይደለም። በሞንትሪያል ፕሮቶኮል መሠረት ኢትዮጵያን ጨምሮ ታዳጊ አገሮች አር-22ን የመሳሰሉ ጋዞችን እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ያቆማሉ፤ ከዚያ በኋላ እስከ 2040 ለጥገና የሚፈቀደው ጥቂት ነው። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ላይ ቢሮዎ ውስጥ የተሰቀለው ማሽን የትኛውን ጋዝ እንደሚጠቀም በጎኑ በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ያገኙታል። ባለሙያው «ጋዝ ይሞላ» ወይም «ይቀየር» ሲልዎት፣ በየት በኩል እንዳፈሰሰ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ። የሚያሳየው ቀዳዳ ከሌለ ገንዘብዎን ኪስዎ ውስጥ ያቆዩት።