ለመፈታት መታጠቅ፦ በወገብ ድጋፍ ቀበቶ ንድፍ ውስጥ የልክ ጥያቄ

የወገብ ድጋፍ ቀበቶ በመድኃኒት ቤትም ሆነ በስፖርት ዕቃ መደብር ሲሸጥ ገዢው ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ የወገቡ ዙሪያ ስንት ነው? በመልሱ መሠረት ትንሽ፣ መካከለኛ ወይም ትልቅ ይሰጠዋል። ማሸጊያው ላይ «የሚስተካከል» ተብሎ የሚጻፈውም ከዚሁ የራቀ ትርጉም የለውም፤ ቬልክሮው ወዲያና ወዲህ ስለሚለጠፍ አንዱ ቀበቶ ለቀጭኑም ለወፍራሙም ይሆናል ማለት ነው። ይህ መጣጥፍ የሚሞግተው ቃሉ በዚህ ትርጉም ብቻ መያዙ ንድፉን ከመነሻው እንዳሳሳተው ነው። ቀበቶ በሰውነት ላይ የሚሠራው በኃይል ነው፤ ኃይል ደግሞ እንደ መድኃኒት ልክ አለው። ምን ያህል ይጥበቅ፣ የቱ ላይ ይጥበቅ፣ ለስንት ሰዓትና ለስንት ሳምንት ይታጠቅ የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች በንድፉ ውስጥ መልስ ካላገኙ፣ የቀበቶው ዙሪያ ቢስተካከልም ልኩ አልተስተካከለም። ይበልጥ የተዘነጋው ሦስተኛው ሲሆን፣ ከእሱ የሚከተለው መደምደሚያ ለሻጭ ደስ የሚያሰኝ አይደለም፤ ጥሩ ቀበቶ አፈታቱ ከአስተጣጠቁ እኩል የታሰበበት ቀበቶ ነው።

አስቀድሞ ሕመሙን መለየት ያስፈልጋል። ቁርጥማት፣ ውጋት፣ የድካም ሕመም እያልን በየስሙ የምንጠራውን ሁሉ ቀበቶ አያስታግስም። ከትኩሳት ጋር ለሚመጣ ቁርጥማት ወይም በሰውነት ብግነት ለሚነሣ የመገጣጠሚያ ሕመም የወገብ ቀበቶ የሚያደርገው ነገር የለም። የሚመለከተው ሲጎነበሱ፣ ሲያነሡ ወይም ሲቆሙ የሚባባሰውን፣ ዕረፍት ሲያገኝ የሚለዝበውን የወገብና የዳሌ ሕመም ነው። ይህም ቢሆን ጠባብ መስክ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች የታችኛው ወገብ ሕመም እንደነበረባቸው፣ በ2050 ቁጥሩ ወደ 843 ሚሊዮን ሊደርስ እንደሚችል ተገምቷል። ከእነዚህ የብዙዎቹ ሕመም ተለይቶ የሚታወቅ የአካል ጉዳት ምክንያት አይገኝለትም። ጥቂቶቹ ግን አደገኛ ምክንያት አላቸው። ሌሊት የሚብስ፣ ከትኩሳትና ከክብደት መቀነስ ጋር የሚመጣ፣ እግርን የሚያዝል ወይም ሽንት መቆጣጠርን የሚያሳጣ የወገብ ሕመም የሐኪም እንጂ የቀበቶ ጉዳይ አይደለም። ሳንባ ነቀርሳ በሰፊው በሚገኝበት እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር፣ ወደ አከርካሪ የገባ ነቀርሳ ለወራት ተራ የወገብ ሕመም መስሎ ሊቆይ ይችላል፤ ሕመሙን ለጊዜው የሚያለዝብ ቀበቶ ምርመራውን ያዘገያል። ስለዚህ እነዚህን ምልክቶች በአማርኛ የያዘ ጨርቅ ቀበቶው በሚዘጋበት ጠርዝ ላይ ተሰፍቶ፣ ታጣቂው በየቀኑ እንዲያየው ማድረግ የንድፉ አካል ነው። ከማሸጊያው ጋር የሚጣል ወረቀት ይህን አይተካም።

በቀበቶ ላይ የቀረበው የምርምር ክስ ከባድ ነው፤ ሊሸሹትም አይገባም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም በ1994 ባወጣው ሪፖርት፣ ቀበቶ ጤነኛ ሠራተኞችን ከወገብ ጉዳት እንደሚጠብቅ የሚያሳይ በቂ ማስረጃ እንደሌለ ገለጸ። በ2000 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የታተመ ጥናት በ160 መደብሮች ውስጥ ዕቃ የሚያነሡ ከ9,000 በላይ ሠራተኞችን ይዞ ሲከታተል፣ ቀበቶ መታጠቅ የጉዳት ካሳ ጥያቄንም ሆነ የወገብ ሕመምን እንደቀነሰ አላገኘም። በ2008 የወጣው የኮክራን ግምገማ ደግሞ 15 ጥናቶችን መርምሮ፣ ቀበቶ ሕመምን በመከላከል ረገድ ምንም ካለማድረግ እንደማይሻል መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ማስረጃ አቀረበ። በመጨረሻም የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ ወር 2023 ባወጣው መመሪያ፣ ሥር የሰደደና የተለየ ምክንያት የሌለው የወገብ ሕመም ላለባቸው አዋቂዎች የወገብ ቀበቶና ድጋፍ በመደበኛ ሕክምናነት እንዳይሰጥ መከረ። ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው «ታዲያ ስለ ንድፉ መጨነቅ ለምን አስፈለገ?» ቢል ጥያቄው ተገቢ ነው።

መልሱ የሚገኘው የተጠኑት ሰዎች እነማን እንደነበሩ በማየት ነው። ትልልቆቹ ጥናቶች በአብዛኛው ጤነኛ ሠራተኛ ወደፊት እንዳይታመም በሚል ያስታጠቁ ናቸው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ምክርም ሕመሙ ሥር ለሰደደባቸው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ሰው፣ ማለትም ሕመሙ ከጀመረው ወራት ያልዘለለው ወይም እየተመላለሰ የሚያመው፣ ሌላ ታሪክ ያሳያል። በ2007 በኔዘርላንድስ ቤት ለቤት እየዞሩ ሕሙማንን በሚንከባከቡና ከዚያ በፊት ወገባቸውን ታመው በሚያውቁ ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ሕመም በተሰማቸው ቀን ቀበቶ የታጠቁት ባልታጠቁት አንጻር በዓመት ውስጥ 50 ያህል የሕመም ቀናት እንደቀነሱላቸው መዝግቧል። ከሥራ የቀሩባቸው ቀናት ግን አልቀነሱም። በ2009 የታተመ የፈረንሳይ ጥናትም ሕመማቸው ገና ሥር ያልሰደደ 197 ታካሚዎችን ለ90 ቀናት ተከታትሎ፣ ቀበቶ የታጠቁት ሕመማቸው ረግቦ፣ እንቅስቃሴያቸው ተሻሽሎ፣ የሚወስዱት ማስታገሻም ቀንሶ አግኝቷቸዋል። ከእነዚህ ሁለት ጥናቶች ብዙ መደምደም አይቻልም፤ ታጣቂው መታጠቁን እያወቀ የሚደረግ ጥናት ከተስፋ ተጽዕኖ ነጻ አይሆንምና። ግን አንድ ነገር ይጠቁማሉ፤ ጥቅሙ ካለ የሚገኘው በተወሰነ ሰው፣ በተወሰነ ጊዜ ላይ ነው። ይህ የልክ ጉዳይ ነው፤ የልክ ጉዳይ ደግሞ ወደ ንድፍ ይመልሰናል።

ቀበቶ በምን ይሠራል? ለብዙ ዘመን የተነገረው ሆድን በመጫን የውስጥ ግፊቱን ከፍ አድርጎ አከርካሪን ያግዛል የሚለው ነበር። በ2000 የወጣ የጥናቶች ድምር ትንተና ግን ለዚህ አሳማኝ ማስረጃ አላገኘም፤ የተረጋገጠው ቀበቶ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዲሁም ወደ ጎን መታጠፍን እንደሚገታ ነው። እንግዲህ ለመግታት የሚያስፈልገው ኃይል ቆዳው ላይ ስንት ጫና ይሆናል? በክብ ነገር ላይ የተጠመጠመ ጨርቅ የሚያሳርፈው ጫና ውጥረቱ ለራዲየሱና ለወርዱ ብዜት ሲካፈል ይገኛል። ለምሳሌ ያህል 60 ኒውተን፣ ማለትም የ6 ኪሎ ግራም ሸክም ያህል ጉተታ፣ ራዲየሱ 15 ሴንቲ ሜትር በሆነ ወገብ ላይ እንውሰድ። ቀበቶው 20 ሴንቲ ሜትር ወርድ ካለው ጫናው ወደ 15 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይሆናል፤ ወርዱ 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ግን ወደ 60 ይወጣል። በቆዳ ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ያለው ግፊት 30 ገደማ ስለሆነ፣ ያው ጉተታ በሰፊው ቀበቶ ድጋፍ፣ በጠባቡ ደግሞ ቆዳን ደም የሚነሣ ማነቆ ይሆናል። ወገብ ደግሞ ሙሉ ክብ አይደለም። ጎንና ጎኑ ይበልጥ የታጠፈ ስለሆነ ጫናው የሚከማቸው እዚያ፣ በዳሌ አጥንት ጠርዝ ላይ ነው፤ ድጋፍ የሚፈለግበት የጀርባ ሥርጉድ ግን ጨርቁ በላዩ ተሻግሮ ስለሚያልፍ ምንም አይደርሰውም። በሥርጉዱ ልክ ተሞልቶ የሚሰፋና ቦታው የሚቀያየር ትራስ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ማጥበቅ ሁሉ መደገፍ እንዳልሆነ ከዳሌ ቀበቶ ጥናቶችም እንረዳለን። ዳሌንና የአከርካሪን መጨረሻ የሚያገናኘው መጋጠሚያ ምን ያህል እንደሚላላ ሲለካ፣ 50 ኒውተን ውጥረት ያለው ቀበቶ መላላቱን ቀንሶታል፤ ውጥረቱን ወደ 100 ማሳደግ ግን የተሻለ ውጤት አላመጣም። ከእርግዝና ጋር የተያያዘ የዳሌ ሕመም ባለባቸው ሴቶች ላይ ደግሞ ከውጥረቱ ይልቅ ቦታው ለውጥ አምጥቷል፤ ከፊት ለፊት ከሚዳሰሰው የዳሌ አጥንት ጫፍ ጥቂት ዝቅ ብሎ የታሰረው፣ ወደ ታች ወርዶ ከታሰረው ይበልጥ አጽንቷል። ስለዚህ የላይኛውና የታችኛው ጠርዝ በአንድ ማሰሪያ የሚጎተት ቀበቶ ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን በአንድ ልክ ያስገድዳል። በተለይ ወገቧ ቀጭን፣ ዳሌዋ ሰፊ በሆነ ሴት ላይ ወደ ላይ ይንሸራተትና ሲቀመጡ ጎድን ይወጋል። የላይና የታች ማሰሪያው ለየብቻ መጥበቅ አለበት።

የጨርቁን ጠባይ በተመለከተ በ2014 የታተመ ንጽጽር፣ የማይለጠጥ ድጋፍ ከሚለጠጠው ይልቅ የታካሚዎችን የዕለት ተግባር እንዳሻሻለ አሳይቷል። ለአማርኛ አንባቢ ይህ አዲስ ነገር አይመስልም። ሸማኔ የሠራው መቀነት ሰፊ፣ ረጅምና እምብዛም የማይለጠጥ የጥጥ ጨርቅ ነው፤ ተደራርቦ ሲጠመጠም በሰበቃ ይያዛል፤ እያንዳንዱ ዙር ለብቻው ሊጠብቅ ወይም ሊላላ ይችላል። ሸክም የምታነሣ ሴት ወይም አራስ ወገቧን በመቀነት ሸብ ስታደርግ ልኩን የምታውቀው በእጇ ነው። መቀነት ሕክምና ነው ማለቴ አይደለም፤ እንዲያ የሚያሰኝ ጥናት የለኝም። ግን የዘመኑ ቀበቶ ያጣውን አንድ ነገር ይዟል፤ የሚያጠብቀው እጅ የሚያጠብቀውን ያህል ይሰማዋል። በዘመናዊዎቹ ውድ ቀበቶዎች ላይ ያለው የገመድና የመዘውር ሥርዓት ይህን ይወስዳል። አራት ገመድ የተመላለሰበት መዘውር 15 ኒውተን የሚጎትትን እጅ፣ የሰበቃው ኪሳራ ሳይቆጠር፣ 60 ያደርሰዋል። ለደከመ እጅ ይህ በረከት ነው፤ ነገር ግን እጁ 15 እየተሰማው ወገቡ 60 ይሸከማል።

የማቀርበው ንድፍ ይህን ስሜት በዓይን ለመመለስ ይሞክራል። ዋናው አካል የማይለጠጥ፣ አየር የሚያስገባ የጥጥ ሸራ ይሁን። በእያንዳንዱ ማሰሪያ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ላስቲክ ይግባ፤ ሥራው መደገፍ ሳይሆን መለካት ነው። ላስቲኩ ሲሳብ ከሥሩ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ቀይ ክር ብቅ ይላል፤ አረንጓዴው የሚበቃውን፣ ቀዩ የማይታለፈውን ልክ ያመለክታል። ልኩ ከተገኘ በኋላ ከጎኑ ያለው የማይለጠጥ ጥብጣብ ይቆለፋል። ላስቲክ እየዋለ ስለሚላላ ይህ ቁራጭ ብቻውን ተፈትቶ የሚተካ፣ ማንኛውም ልብስ ሰፊ ሊሰፋው የሚችል መሆን አለበት። ሰው ሲቀመጥም ሆነ ምሳ በልቶ ሲነሣ የወገቡ ዙሪያ ስለሚሰፋ፣ የማይለጠጥ ቀበቶ ውጥረቱ ድንገት ይወጣል፤ ስለዚህ በአንድ እጅ አንድ እርከን የሚያላላ ዘለበት ቅንጦት አይደለም። ከጀርባ የሚገቡት ጠፍጣፋ ዘንጎችም በኪስ ውስጥ ሆነው አንድ በአንድ የሚወጡ ይሁኑ። በመጀመሪያው ሳምንት አራቱም፣ ከዚያ ሁለቱ፣ ከዚያም ጨርቁ ብቻ ይቀራል፤ በመጨረሻ ቀበቶው ለከባድ ሥራ ሰዓት ብቻ ይወጣና ይቀመጣል። መላላት በንድፉ ውስጥ የተቀመጠ መንገድ ሲሆን ታካሚው በራሱ ብርታት እንዲፈለስፈው አይተውም።

ሦስት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። አንደኛው ቀበቶ ጡንቻን ያሰንፋል የሚለው ነው። በ2017 የወጣ የጥናቶች ግምገማ ለዚህ ቁርጥ ያለ ማስረጃ አላገኘም፤ ሆኖም ማስረጃ አለመገኘቱ ለዘላለም ለመታጠቅ ፈቃድ ስላልሆነ የእርከኑ ንድፍ ጥርጣሬውን ያስተናግዳል። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስባል፤ የታጠቀ ሰው ወገቡ የተጠበቀ መስሎት ከአቅሙ በላይ ያነሣል። ይህን ቀበቶ ብቻውን አይፈታውም። አሠሪ ለጫኝና አውራጅ ቀበቶ አድሎ ጆንያውን ካላቀለለ ወይም ጋሪ ካላቀረበ፣ ቀበቶው የአሠሪውን ግዴታ ወደ ሠራተኛው ወገብ ማዛወሪያ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ይህ ንድፍ ለታመመ ሰው ማገገሚያ እንጂ ለጤነኛ ሠራተኛ መከላከያ ተብሎ መሸጥ የለበትም፤ ከላይ የጠቀስናቸው ትልልቅ ጥናቶችም ይህንኑ ያዝዛሉ። ሦስተኛው ጥቅሙ የስሜት ብቻ ነው የሚለው ነው። ሊሆን ይችላል። ጨርቅ ቆዳን ሲነካ ታጣቂው አጎነባበሱን ያስታውሳል፤ ፍርሃቱ ለዘብ ብሎ ከአልጋ ይነሣል። ለወገብ ሕመም ከአልጋ ተነሥቶ መንቀሳቀስ ከመተኛት እንደሚሻል ዛሬ የሚያከራክር አይደለምና፣ ስሜቱ ሰውን ካስነሣ ሥራውን ሠርቷል። የሚቀረው ስሜቱ ጥገኝነት እንዳይሆን መጠበቅ ነው።

እንግዲህ ንድፉ ይሠራል ወይ የሚለው በምን ይፈተን? ሕመም ቀነሰ ወይ ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። አንዱ ቡድን የተለመደውን ቀበቶ፣ ሌላው ልኩ የሚታየውንና በእርከን የሚላላውን ታጥቆ፣ ሦስተኛው ያለ ቀበቶ ተመሳሳይ ምክርና እንቅስቃሴ ብቻ ተሰጥቶት ይነጻጸሩ፤ መለኪያውም ሰዎቹ ሥራቸውን እየሠሩ ሳይታጠቁ የዋሉባቸው ቀናት ብዛት ይሁን። በዚህ መለኪያ ያለ ቀበቶ የቆየው ቡድን ከበለጠ የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ለእነዚህም ታካሚዎች ይጸናል፤ ንድፉም መተው አለበት። ካልበለጠ ግን የወገብ ቀበቶ የሚመዘነው ሳጥን ውስጥ ተጣጥፎ በተቀመጠባቸው ቀናት ይሆናል።