ጄምስ ማዲሰን፦ «ወረቀት ብቻውን መብት አያስከብርም» ብሎ የተጠራጠረው የመብቶች ሰነድ አርቃቂ

አሜሪካ ውስጥ የዜግነት ፈተና ያጠና ሰው ጄምስ ማዲሰን የሚለው ስም ሳያጋጥመው አይቀርም። ለፈተናው «አራተኛው ፕሬዚዳንት» ወይም «የሕገ መንግሥቱ አባት» ብሎ መመለስ ይበቃል። ግን ፖሊስ በዘፈቀደ ቤታችሁን እንዳይፈትሽ፣ መንግሥትም ስለተቻችሁት እንዳያስራችሁ የሚከለክለውን ሰነድ ለኮንግረስ ያቀረበው ይሄው ሰው ነው። የሚገርመው ደግሞ፣ መጀመሪያ ላይ «ይሄ ሰነድ አያስፈልግም» ከሚሉት አንዱ ራሱ ነበር። ለምን? ሐሳቡንስ ምን አስቀየረው?

መነሻው፦ የሕሊና ነጻነት

ማዲሰን እ.ኤ.አ. በ1751 ቨርጂኒያ ውስጥ ተወለደ። በወጣትነቱ በዚያው በቨርጂኒያ የባፕቲስት ሰባኪዎች «ያለ ፈቃድ ሰበካችሁ» እየተባሉ ሲታሰሩ አይቶ በጣም ተቆጥቷል። በ1776 ጆርጅ ሜሰን የቨርጂኒያን የመብቶች መግለጫ ሲያረቅ፣ በሃይማኖት ጉዳይ የተጠቀመው ቃል «መቻቻል» የሚል ነበር። የ25 ዓመቱ ማዲሰን ይሄ አልተዋጠለትም። «እንችላችኋለን» የሚል መንግሥት ነገ «በቃን» ሊል ይችላላ! በእሱ ግፊት ቃሉ ተቀይሮ፣ ሰው ሁሉ እንደ ሕሊናው የማምለክ እኩል መብት አለው ተባለ። ማለትም መብቱ የሰውየው እንጂ የመንግሥት ስጦታ አይደለም።

ሥልጣንን በሥልጣን መግታት

እኛ አገር «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል። ማዲሰን ተረቱን ባይሰማም በሽታውን ያውቀዋል። መፍትሔው ግን ደግ ሹም መፈለግ አልነበረም። ደግ ሹም ባይገኝስ? በ1787 በፊላደልፊያው ጉባኤ፣ ቀጥሎም ከሐሚልተንና ከጄይ ጋር በጻፏቸው 85ቱ የፌዴራሊስት ጽሑፎች ውስጥ የተከራከረው ሥልጣን እንዲከፋፈል ነው። ኮንግረስ ሕግ ያወጣል፣ ፕሬዚዳንቱ ሊሽረው ይችላል፣ ኮንግረስ ደግሞ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሽረቱን ያፈርሳል። የፌዴራሉ መንግሥት ሥልጣን ተዘርዝሮ የተሰጠው ብቻ ሲሆን የቀረው የክፍለ ግዛቶችና የሕዝቡ ነው። አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ማንም ብቻውን እንዳይገዝፍ ማለት ነው።

ሐሳቡን ለምን ቀየረ?

አዲሱ ሕገ መንግሥት ሲጸድቅ የመብቶች ዝርዝር አልነበረውም። ሜሰን በዚህ የተነሳ አልፈርምም አለ። ማዲሰን ግን በ1788 ፓሪስ ለነበረው ለጄፈርሰን ሲጽፍ ጥርጣሬውን ገልጿል፦ በየክፍለ ግዛቱ እንዲህ ዓይነት መግለጫ አለ፣ አብዛኛው ሕዝብ ሲፈልግ ግን ይጥሰዋል፤ ወረቀት አጥር አይሆንም። ሌላም ስጋት ነበረው። የተወሰኑ መብቶች ከተዘረዘሩ «ያልተዘረዘረው የላችሁም» ቢባልስ?

ጄፈርሰን የመለሰለት ቁም ነገር ፍርድ ቤት ነው። መብቱ ከተጻፈ ዳኛ የሚይዘው ነገር ያገኛል። ሌላው ምክንያት መራጩ ነው። ማዲሰን በ1789 መጀመሪያ ከጄምስ ሞንሮ ጋር ለኮንግረስ ሲወዳደር፣ ባፕቲስቶችን ጨምሮ ለመራጮቹ መብቶቹን አስጽፋለሁ ብሎ ቃል ገባ፤ አሸነፈ።

ቃሉንም ጠበቀ። በ1789 ጁን 8 ማሻሻያዎቹን ለምክር ቤቱ አቀረበ። ኮንግረስ 12ቱን ለክፍለ ግዛቶች ላከ፣ 10ሩ በ1791 ዲሴምበር 15 ጸደቁ። የራሱን ስጋትም መለሰበት፦ ዘጠነኛው ማሻሻያ «ተዘረዘሩ ማለት ሌሎቹ መብቶች ተነፈጉ ማለት አይደለም» የሚል ይዘት አለው። ያኔ ካልጸደቁት አንዱ፣ ስለ ኮንግረስ አባላት ደመወዝ የሚለው፣ ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ በ1992 27ኛው ማሻሻያ ሆኗል።

የማይሸፈነው ጉድለት

ስለ ነጻነት የጻፈው ይሄ ሰው ሞንትፔሊየር በሚባለው እርሻው ከ100 በላይ ባሪያዎች ነበሩት። በ1836 ሲሞትም በኑዛዜው ነጻ አላወጣቸውም። ሰነዱም ቢሆን መጀመሪያ የሚያስረው የፌዴራሉን መንግሥት ብቻ ነበር። ማዲሰን ክፍለ ግዛቶችም የሕሊናንና የፕሬስን ነጻነት እንዳይነኩ ጠይቆ ነበር፤ ሴኔቱ ጣለበት። ይህ ክፍተት መደፈን የጀመረው ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ፣ በ1868ቱ 14ኛ ማሻሻያና በኋላ በመጡ የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ነው።

እኛን ምን አገባን?

አንደኛ፣ አምስተኛው ማሻሻያ ያለ ሕጋዊ ሥርዓት ነጻነቱን አይነጠቅም የሚለው «ዜጋን» ሳይሆን «ሰውን» ነው። ወረቀቱ ገና ላልተጨረሰለት ስደተኛ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛ፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም ከአንቀጽ 13 እስከ 44 መብቶችን ዘርዝሯል። ዝርዝሩ ከአሜሪካው በብዙ ይረዝማል። ስለዚህ ክርክራችን «ምን ተጻፈ?» ላይ ብቻ መቆም የለበትም። ማዲሰን የሚጠይቀን ሌላ ነው፦ የተጻፈው ሲጣስ ሹሙን «ቁም» የሚል፣ ሹሙም የሚሰማው ዳኛ አለ ወይ?