የክርስቶስ ሥጋ በዓል አመጣጥና ትርጓሜ

የሮማ ቤተ ክርስቲያን ከምታከብራቸው ታላላቅ በዓላት አንዱ በሮማይስጥ ኮርፑስ ክሪስቲ ይባላል፤ ትርጓሜውም የክርስቶስ ሥጋ ማለት ነው። ቀኑ ከፋሲካ በኋላ በስድሳኛው ቀን የሚውለው ሐሙስ ነው፤ በብዙ አገር ግን ሕዝቡ እንዲመቸው ወደሚከተለው እሑድ ተዛውሯል።

አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ጌታችን ምሥጢረ ቍርባንን የመሠረተው በጸሎተ ሐሙስ ማታ ከሆነ፥ ሌላ በዓል ስለ ምን አስፈለገ? መልሱን ለማግኘት የበዓሉን አመጣጥ መመርመር ይገባል። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቈጣጠር ናቸው።

ይህን አሳብ አስቀድሞ ያመጣው ጳጳስ ወይም መምህር አይደለም፤ ዩልያና የምትባል መነኵሲት ናት። እርስዋም በዛሬው ቤልጅግ በሊዬዥ ከተማ አጠገብ ተወልዳ፥ በአምስት ዓመቷ እናትና አባቷ ሞተውባት፥ ለምጻሞች በሚረዱበት በኮርኒዮን ገዳም አደገች። በወጣትነቷ ስትጸልይ ብሩህ ጨረቃ ታየቻት፤ በጨረቃዋም ላይ ጥቁር መስመር ነበረ። ጨረቃዋ በምድር ያለች ቤተ ክርስቲያን፥ ጥቁሩም የጐደለው በዓል እንደ ሆነ ተረዳች። ነገር ግን ሃያ ዓመት ያህል በልቧ ይዛ ዝም አለች።

በኋላም ለካህናት በገለጠችው ጊዜ ሊቃውንት መርምረው ነቀፋ አላገኙበትም፤ ከእነርሱም አንዱ የሊዬዥ ሊቀ ዲያቆናት ያዕቆብ ጴንጣሌዎን ነበረ። በ1246 የሊዬዥ ጳጳስ ሮቤርቶስ በዓሉ በሀገረ ስብከቱ እንዲከበር አዘዘ፤ በዚያው ዓመትም ሞተ። ዩልያናም በምትመራው ቤት ጠብ ተነሥቶባት ተሰደደች፤ ከገዳም ወደ ገዳም ስትንከራተት ቆይታ በ1258 በስደት ሳለች ዐረፈች።

ነገሩ ግን ከእርስዋ ጋራ አልተቀበረም። ያ ሊቀ ዲያቆናት በ1261 ርባኖስ 4ኛ ተብሎ የሮማ ሊቀ ጳጳሳት ሆነ፤ በ1264ም በዓሉ በሁሉ ስፍራ እንዲከበር ዐዋጅ ጻፈ። ለጥያቄያችንም መልሱ በዐዋጁ ውስጥ ይገኛል፤ ይኸውም በጸሎተ ሐሙስ ቤተ ክርስቲያን ንስሓ የገቡትን በማስታረቅ፥ ቅብዐ ቅዱስን በመባረክና እግር በማጠብ ስለምትያዝ፥ ለዚህ ስጦታ ብቻ የሚሰጥ የደስታ ቀን ያስፈልጋል የሚል ነው። የበዓሉንም ጸሎትና መዝሙር ቶማስ አኵዊናዊ እንደ ደረሰው ይነገራል።

ርባኖስም ዐዋጁን በጻፈ ሁለት ወር ሳይሞላው ሞተ፤ ትእዛዙም በብዙ አገር ሳይፈጸም ቆየ። በ1311 በተጀመረው በቪየን ጉባኤ ቀሌምንጦስ 5ኛ አጸናው፤ በ1317ም ዮሐንስ 22ኛ ለሁሉ አሰራጨው።

ዛሬ በዕለቱ ካህናት ቅዱስ ቍርባኑን ከመቅደስ አውጥተው በከተማው ያዞራሉ፤ በብዙ ስፍራም ሕዝቡ መንገዱን በአበባ ያስጌጣል። ትርጓሜውም የሕይወት እንጀራ ድሀውና በሽተኛው ወዳሉበት መንገድ ይወጣል ማለት ነው። ይህንንም በለምጻሞች መካከል ያደገችው ዩልያና ከሁሉ ይልቅ ታስተውለው ነበር።

እንግዲህ ከዐዋጁ አስቀድሞ ሃያ ዓመት የታገሠች፥ ፍሬውንም ሳታይ ያለፈች አንዲት ስደተኛ እንዳለች እናስተውል። መልካም አሳብ የጀመረ ሰው በዕድሜው ሳይፈጸምለት ቢቀር፥ ድካሙ ከንቱ ሆነ ብሎ አይዘን።