ፈንጣጣን የጠቆሙ ልጆች



ይህ ንግግር በሬዲዮ የተነገረ ነው። አሁን ደግሞ በወረቀት ላይ ሰፍሮ በእጃችሁ ገብቷል። ቀስ እያላችሁ አንብቡት፤ የሚያቻኩላችሁ የለም። ልጆቻችሁ አጠገባችሁ ካሉ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡላቸው። ታሪኩ የእነሱም ነውና።

እስቲ በመንደራችሁ ያሉትን አዛውንት አንድ በአንድ አስቧቸው። ፊታቸው ላይ ትንንሽ ጉድጓድ የመሰለ ጠባሳ የሞላባቸው አባት ወይም እናት አሉ? ምናልባት አንድ ዓይናቸው የጠፋ? ያ ጠባሳ የፈንጣጣ ሊሆን ይችላል። የፈንጣጣን ጠባሳ በአዛውንት ፊት ላይ ታዩት ይሆናል እንጂ፣ በአገራችን ተወልዶ ባደገ በአርባ ዓመት ጎልማሳ ፊት ላይ አታገኙትም። ለምን? ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ነው።

ልጆች እንዲህ ያለ ፊት ሲያዩ ምን ያደርጋሉ? አንዳንዱ ይፈራል። አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ ደግሞ «እማዬ፣ እኚህ ሰውዬ ፊታቸው ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እኛስ ምን እንላለን? «ዝም በል፣ ነውር ነው!» ልጁም ዝም ይላል። ግን ምን ተማረ? ከመፍራት በቀር ምንም አልተማረም። እኔ በዚህ «ዝም በል» በሚሉት ነገር አልስማማም። ለምን እንደማልስማማ ታሪኩን ስትሰሙ ትረዱታላችሁ።

ፈንጣጣ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ነበር። በበሽተኛው ትንፋሽ ይተላለፋል። ከቁስሉ በሚወጣው መግል፣ በልብሱና በመኝታውም ይተላለፋል። የተያዘ ሰው አሥር ወይም አሥራ ሁለት ቀን ያህል ምንም አይታወቀውም። ከዚያ ትኩሳት ይነሣበታል፤ ራሱን ያመዋል፣ ወገቡን ይቆርጠዋል። ቀጥሎ ፊቱና ክንዱ፣ እግሩም ሽፍታ ያወጣል። ሽፍታው መግል ይቋጥራል፣ ይደርቃል፣ ይረግፋል። ጠባሳው ግን አይለቅም። ብዙ ሰው ሞቶበታል። ብዙ ሰው ዓይኑን አጥቶበታል። አንድ ጊዜ ታሞ የዳነ ሰው ግን ዳግመኛ አይያዝም ለማለት ይቻላል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ትጠቅመናለች።

በሽታው በደሃው ቤት ብቻ አልነበረም። በ1762 ዓ.ም ጀምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ሰው ጎንደር ገባ። በዚያን ጊዜ ፈንጣጣ በእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት በቁስቋም ገብቶ ልጆቹን ጥሏቸው ነበር። ብሩስ እንዲያክም ተጠራ። ምን መድኃኒት አመጣ መሰላችሁ? በሩንና መስኮቱን አስከፈተ! ቤቱን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ። በሽተኞቹን ለብ ባለ ውሃና በኮምጣጤ አሳጠበ። የወይዘሮ አስቴር ልጅ ክንፉ ከዳኑት አንዱ ነው። ፈንጣጣን የሚፈውስ መድኃኒት በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ አልነበረም። ንጹሕ አየርና ንጽሕና ግን በሽተኛውን ሳይረዱት አይቀሩም።

አባቶቻችንስ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው ነበር? የለም። የዳነ ሰው ዳግመኛ እንደማይታመም አይተው፣ ብልሃት ፈጥረው ነበር። በሽታው ቀለል ካለለት ሰው ቁስል መግል ይወስዳሉ። የጤነኛውን ልጅ ክንድ በምላጭ ጫር ጫር አድርገው መግሉን ያስነኩታል። ልጁ ይታመማል፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ ይቀልለታል። ከዚያ በኋላ ፈንጣጣ አይነካውም። ወደ አገራችን የመጡ የ19ኛው መቶ ዘመን መንገደኞች ይህን አይተው ጽፈዋል። በቱርክም፣ በሕንድም፣ በቻይናም ይህንኑ የመሰለ ልማድ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ጥቂት ልበል። «ከተበ» የሚለው ቃል ጻፈ ማለትም ነው። በአንገት የሚንጠለጠለው ክታብ የተባለው ከዚሁ ቃል ነው። ክትባት የምንለውም ከዚሁ ነው። ክንድ ላይ ምልክት መጫር፣ ወረቀት ላይ ፊደል መጫር፤ ቋንቋችን ሁለቱን በአንድ ቃል ጠራቸው። እናንተ ፊደል የቆጠራችሁ ሰዎች ይህን ብታውቁት ደስ ይላችኋል ብዬ ነው።

ወደ ነገራችን እንመለስ። የአባቶቻችን ብልሃት አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረው። ለልጁ የተሰጠው እውነተኛው ፈንጣጣ ነው። አንዳንዱ ልጅ ይሞትበት ነበር። በሕይወት የሚተርፈውም ቢሆን በታመመበት ጊዜ ለጎረቤቱ ያስተላልፋል። አንዱ ቤት ልጁን አዳንኩ ሲል ሌላው መንደር ይታመማል።

መፍትሔው ከላም መጣ። እ.ኤ.አ በ1796 ኤድዋርድ ጄነር የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም፣ ላም በምታልብ ሴት እጅ ላይ ከወጣ የላም ፈንጣጣ መግል ወስዶ ጀምስ ፊፕስ የሚባል የስምንት ዓመት ልጅ ከተበ። የላም ፈንጣጣ ሰውን ብዙ አይጎዳም። ልጁ ከዚያ በኋላ እውነተኛው ፈንጣጣ ቢነካውም አልታመመም። የዛሬው ክትባት ሁሉ መነሻው ይኸው ነው።

ታዲያ ክትባት ከተገኘ በኋላ ፈንጣጣ በአገራችን ለምን ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ ቆየ? አገሩ ሰፊ፣ መንገዱ ጥቂት፣ ጤና ጣቢያውም በጣት የሚቆጠር ስለነበረ ነው። በ1960 ዓ.ም አካባቢ በዓመት በመዝገብ የሚገባው የፈንጣጣ በሽተኛ ጥቂት መቶ ብቻ ነበር። በ1963 ዓ.ም ፈንጣጣን የማጥፋት ሥራ በአገራችን ተጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት ስንት በሽተኛ የተገኘ ይመስላችኋል? ከ26 ሺህ በላይ! በሽታው በአንድ ዓመት ውስጥ ድንገት በዝቶ አይደለም። ቀድሞም ነበረ። የሚፈልገው ሰው አልነበረም እንጂ።

ወጣት የጤና ሠራተኞች ከሌላ አገር ከመጡ በጎ ፈቃደኞች ጋር ሆነው በእግር፣ በበቅሎ፣ አንዳንድ ጊዜም በሄሊኮፕተር ወጡ። የያዙት መርፌ ጫፏ እንደ መንሽ ለሁለት የተከፈለ ናት። መድኃኒቱን በሁለቱ ጥርሶቿ መካከል ትይዛለች፤ ክንድ ላይ አሥራ አምስት ጊዜ ጠቅ ጠቅ ይደረጋል። አለቀ። ሐሳባቸው የአገሩን ሰው በሙሉ አንድ ሳያስቀሩ ለመክተብ አልነበረም። አዝመራ ላይ እሳት ቢነሣ ምን ታደርጋላችሁ? ዙሪያውን ትመነጥሩና እሳቱን መሄጃ ታሳጡታላችሁ። እነሱም በሽታው ያለበትን ቤት ይፈልጋሉ፤ በዙሪያው ያለውን ሰው ሁሉ ይከትባሉ። ፈንጣጣ ከሰው በቀር በሌላ እንስሳ ስለማይኖር፣ አዲስ ሰው ካጣ ይሞታል።

ግን ቤቱን ማን ያሳያቸው? ችግሩ ይህ ነበር። እንግዳ ሰው መጥቶ «በሽተኛ አለ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ማን እውነቱን ይነግረዋል? አንዱ ግብር አስከፋይ ነው ብሎ ይሸሻል። አንዱ ልጄን ሊወስዱብኝ ነው ብሎ ከጓዳ ይደብቃል። በደጋው አገር ደግሞ «እኛ የራሳችን ክትባት አለን» ብሎ የሚመልሳቸው ብዙ ነበር። እኔ በእነዚህ ወላጆች አልፈርድም። ቀድሞ ማንም መጥቶ ያላስረዳውን ሰው፣ አንድ ቀን መርፌ ይዞ ደርሶ «እመነኝ» ማለት ይከብዳል።

የጤና ሠራተኞቹ አንድ ካርድ ይዘው ነበር። በካርዱ ላይ ጽሑፍ ለማያነብ ሰውም የሚገባ ፎቶግራፍ አለ፤ ፈንጣጣ የያዘው ልጅ ፎቶግራፍ። ይህ ብልሃት የመጣው ከኢንዶኔዥያ ነው። ካርዱን ይዘው ገበያ ይወጣሉ። ትምህርት ቤትም ይገባሉ። ለተማሪዎቹ ካርዱን ያሳዩና «እንዲህ ያለ በሽተኛ ያየ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ልጆቹም ያዩትን ይናገራሉ።

ለምን ልጆች? አንድ ትምህርት ቤት ማለት የአሥር መንደር ወሬ የሚገናኝበት ቦታ ነው። ልጅ ከብት ይጠብቃል፣ ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል። ማን ታመመ፣ ማን ከቤት አልወጣም፣ የማን እናት አለቀሰች፣ ልጅ ያውቀዋል። አባት ከጓዳ የደበቀውን በሽተኛ ልጆች በበሩ ሽንቁር አይተውታል! ደግሞም ልጆች ተምረው ይለያሉ። ጉድፍ የሚበዛው በደረትና በሆድ ላይ ነው። ፈንጣጣ ግን በፊት፣ በክንድና በእግር ላይ ይበዛል፤ መዳፍንና ውስጥ እግርንም አይምርም። ይህን ልዩነት አንድ ጊዜ በሥዕል ያሳያችሁት የስምንት ዓመት ልጅ አይረሳውም።

እንግዲህ ልብ በሉ። እነዚያ ልጆች በሽታው በስሙ ተጠርቶላቸዋል። ሥዕሉን አይተዋል። «ዝም በሉ» አልተባሉም፤ «ተናገሩ» ተባሉ እንጂ። የተናገሩትም ተሰማ።

በየዓመቱ በሽተኛው እያነሰ ሄደ። መጨረሻው አስቸጋሪ ነበር። ከኦጋዴን ዘላኖች ዘንድ ትምህርት ቤት የለም፣ ቋሚ ገበያም የለም፤ ሰው ከግመሉ ጋር ይንቀሳቀሳል። ፍለጋው ከጎጆ ጎጆ ሆነ። በነሐሴ 1968 ዓ.ም ዲሞ በምትባል መንደር አንዲት የሦስት ዓመት ሕፃን ታማ ተገኘች። በኢትዮጵያ የመጨረሻዋ የፈንጣጣ በሽተኛ እሷ ናት።

በሽታው ግን ድንበር ተሻግሮ ሶማሊያ ውስጥ ቆየ። በጥቅምት 1970 ዓ.ም መርካ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ አሊ ማው ማሊን የሚባል የ23 ዓመት ወጣት ነበር። የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ ነው። ሁለት የታመሙ ልጆች የጫነ መኪና መጣ፤ ሾፌሩ የበሽተኞቹን ማቆያ ቦታ አላወቀውም። አሊ መንገድ ላሳይ ብሎ ተሳፈረ። ጉዞው ጥቂት ደቂቃ ቢሆን ነው። አሊ ግን አልተከተበም ነበር። መርፌው ያማል ብሎ ስለፈራ፣ ከታቢዎቹ ሲመጡ ክንዱን በእጁ ይዞ የተከተበ መስሎ አልፏቸዋል። ይህን በኋላ ራሱ ተናግሯል። በሆስፒታል እየሠራ!

አሊ ታመመ። በመጀመሪያ ወባ ነው ተባለ፤ ቀጥሎ ጉድፍ ነው ተባለ። ፈንጣጣ ነበር። ከከተማው ሰው ከ50 ሺህ በላይ በጥድፊያ ተከተበ። አሊ ዳነ፤ ከእሱም ወደ ማንም አልተላለፈም። በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው የመጨረሻው ሰው እሱ ሆነ። ከዚያም ሁለት ዓመት ፍለጋው ቀጠለ። በኛም አገር ፈላጊዎቹ ከመንደር መንደር እየዞሩ የትንንሽ ልጆችን ፊት አዩ። አዲስ ጠባሳ የለም። ሚያዝያ 30 ቀን 1972 ዓ.ም የዓለም የጤና ድርጅት ጉባኤ ፈንጣጣ ከምድር ጠፋ ብሎ አወጀ።

አሊ ኋላ ምን ሆነ? በአገሩ የልጅነት ልምሻን ለማጥፋት በተደረገው ዘመቻ ገባ። ልምሻ የልጅን እግር የሚያሰልል በሽታ ነው፤ እርግማን አይደለም፣ የወላጅ ኃጢአትም አይደለም። በልምሻ ላይ ግን የፈንጣጣው ካርድ አይሠራም። ልምሻ ከያዛቸው ሁለት መቶ ልጆች እግሩ የሚሰልለው አንዱ ያህል ነው። የቀሩት ጤነኛ መስለው ያስተላልፋሉ። ስለዚህ ሕፃን ሁሉ ጠብታውን መውሰድ አለበት፤ በየቤቱ መዞር የግድ ነው። አሊ በየቤቱ ዞረ። እምቢ የሚል ወላጅ ሲያገኝ የራሱን ታሪክ ይነግረዋል፤ መርፌ ፈርቼ ክንዴን ደበቅሁ፣ ከዚያ ይህ ሆነብኝ ይለዋል። ሰዉም ያዳምጠው ነበር። በ2005 ዓ.ም ልምሻ ወደ ሶማሊያ ተመልሶ ሲገባ እንደገና ለዘመቻው ወጣ። በዚያው ሥራ ላይ እንዳለ ትኩሳት ያዘው፤ በሐምሌ ወር በወባ ሞተ።

አሁን ወደ መንደራችሁ አዛውንት እንመለስ። ልጃችሁ ፊታቸውን አይቶ ቢጠይቃችሁ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቁና ልጁን ይዛችሁ ሂዱ። እጅ ነሥቶ፣ «አባባ፣ ምን ሆነው ነው?» ብሎ ራሱ ይጠይቃቸው። የታመሙበትን ዘመን፣ ያስታመማቸውን ሰው፣ ከእሳቸው ጋር ታሞ ያልተነሣውን ወንድማቸውን ያስታውሱ ይሆናል። ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ሂዱ። የሚነግሯችሁን እናንተው ጻፉት፤ ስማቸውን ከላይ፣ ዘመኑን ከሥር።