አዋጅ ያመጣዋል፣ ጥገና ያኖረዋል፦ ከባሕር ዛፍ እስከ ኤሌክትሪክ መኪና

ሜክሲኮ አደባባይ በሥራ መውጫ ሰዓት ሁለት ነገር ጎን ለጎን ያሳያል። ከላይ በድልድይ ላይ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ አለ፤ ከታች ለሚኒባስ ታክሲ የቆመ ረጅም ሰልፍ አለ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሁለቱ መስመሮች ከመስቀል አደባባይ እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ፤ ሜክሲኮ የሚገኘውም በዚህ የጋራ መንገድ ላይ ነው። በከተማው ውስጥ ባቡር ቶሎ ቶሎ ሊያልፍበት የሚገባ ቦታ ቢኖር ይህ ነው። ሰልፉ ግን አላጠረም።

ስለ ንጹሕ ኃይል የሚደረገው ክርክር ይህን ጉዳይ ብዙ ጊዜ ይዘለዋል። ደጋፊው «ነዳጅ ማስገባት እናቁም፣ ውኃችን ኤሌክትሪክ ይሰጠናል» ይላል። ተቃዋሚው «መብራት በሚጠፋበት አገር ምን ዓይነት ቅንጦት ነው?» ይላል። ሁለቱም የሚከራከሩት አዲሱ ነገር ይምጣ ወይስ አይምጣ በሚለው ላይ ነው። ያለፉት 130 ዓመታት የአዲስ አበባ ታሪክ የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው፦ ከመጣ በኋላ ማን ይጠግነዋል?

◆ መለዋወጫ የማይፈልገው ዛፍ

አዲስ አበባ የመጀመሪያውን የኃይል ቀውስ ያየችው ገና በልጅነቷ ነው። ከተማዋ ከተቆረቆረች ብዙም ሳይቆይ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተመናመነ። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መጀመር ደርሰው ነበር፤ እዚያ የተሠራው ቤተ መንግሥት በኋላ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከተማዋን ባለችበት ካቆዩዋት ነገሮች ዋነኛው በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። መነሻው አውስትራሊያ ነው፤ ስሙም የባሕር ማዶ እንግዳነቱን ይመሰክራል።

ባሕር ዛፍ የተስፋፋው በቤተ መንግሥት ፈቃድና ማበረታቻ ነው። በሕይወት የኖረው ግን በጠባዩ ነው። ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ገበሬው እንደገና ችግኝ መግዛት፣ ባለሙያ መጥራት፣ ከውጭ ዕቃ ማዘዝ አላስፈለገውም። ራሱን የሚጠግን ቴክኖሎጂ ማለት ይቻላል።

ዋጋ አላስከፈለም ማለት ግን አይደለም። ውኃ ይመጥጣል፣ ከሥሩ ሌላ ተክል አያበቅልም የሚለው ክስ እስከ ዛሬ አልቆመም። ከሁሉም የከበደውን ዕዳ የተሸከሙት የእንጦጦ ማገዶ ለቃሚ ሴቶች ናቸው። ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝን ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው ዳገትና ቁልቁለቱን የወረዱ በሺዎች የሚቆጠሩ እናቶችና ልጃገረዶች የከተማዋን ምድጃ ለአሥርት ዓመታት አንድደዋል። የከተማ ኃይል ርካሽ ሲመስል ሒሳቡን የሚከፍል ሰው አንድ ቦታ አለ።

◆ ደለል የዋጠው ግድብ

ሁለተኛው ምዕራፍ ውኃ ነው። በአቃቂ ወንዝ ላይ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራው አባ ሳሙኤል የአገሪቱ የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ ነው። አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ነው፤ ዛሬ ትንሽ ቢመስልም በጊዜው ለከተማዋ ትልቅ ነገር ነበር። ነገር ግን ግድብ የላይኛው ተፋሰስ ልጅ ነው። ከላይ አፈሩ ሲታጠብ ደለሉ ግድቡ ውስጥ ይተኛል፤ ከተማዋ ቆሻሻዋን ወደ ወንዝ ስትለቅ እምቦጭ በውኃው ላይ ይነጠፋል። ማሽን ያረጃል፣ የሚተካው ይጠፋል። አባ ሳሙኤል ሥራ አቁሞ ለአሥርት ዓመታት ተረሳ፤ ታድሶ ዳግም ኃይል መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 በቻይና ድጋፍ ነው።

የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ የተነገረው ቁጥር 5,150 ሜጋ ዋት ነው፤ ከአባ ሳሙኤል በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል። ደስታው ተገቢ ነው። የአባ ሳሙኤል ትምህርት ግን በመጠን አይለወጥም፤ ግድቡ የሚኖረው ከላይ ያለው አፈር በቦታው ሲቆይ፣ ከታች ያለው የማከፋፈያ መስመርና ትራንስፎርመር ሲጠገን ነው። በ2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ 3 የውኃ መጠን ቀንሶ መብራት በፈረቃ ሲሆን የአዲስ አበባ ቤቶች ወዴት እንደተመለሱ ይታወሳል፤ ወደ ከሰል።

◆ ምጣዱና ጠጋኙ

በሌላው ዓለም ስለ ምግብና አየር ንብረት ሲወራ ዋናው ጥያቄ ሥጋ መቀነስ ነው። በዓመት ከ180 ቀን በላይ የሚጾም ብዙ ሕዝብ ባለበት አገር ሽሮና ምስርን መስበክ ለቀባሪ ማርዳት ነው። እዚህ የምግብ ጥያቄ እሳቱ ነው፤ ምን ይበላል ከሚለው ይልቅ በምን ይበስላል የሚለው ይበልጣል። እንጀራ ብርቱ ሙቀት ይፈልጋል፤ በሦስት ጉልቻ ላይ ሲጋገር ከእሳቱ አብዛኛው ወደ አየር ይሄዳል፣ ጭሱ በጋጋሪዋ ሳንባ ይቀራል።

ይህን ታሪክ ለብዙ የአዲስ አበባ ቤተሰብ የለወጠው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ሰፊ ዘመቻ አልተካሄደለትም፤ ሪባን አልተቆረጠለትም። የሸክላ ሠሪዋ ምጣድ፣ የብረታ ብረት ሠራተኛው ክዳንና እግር፣ በሸክላው ቦይ የሚጠመጠም የሚግል ሽቦ፤ ይኸው ነው። ሽቦው ሲበጠስ የሰፈሩ ጠጋኝ ይተካዋል። ሸክላው ሲሰነጠቅ ሌላ ይገዛል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተስፋፋው «ላቀች» የከሰል ምድጃም መንገዱ ተመሳሳይ ነበር፤ ቆርቆሮውን የሚቀጠቅጠውም ሸክላውን የሚሠራውም እዚሁ ያለ እጅ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ፍጹም አይደለም። ብዙ ኃይል ይጠጣል፤ ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ጠዋት ሲጋግር ትራንስፎርመሩ ያቃስታል። ቢሆንም ከገባበት ቤት አልወጣም። የሚያውቀው እጅ ቅርብ ስለሆነ ነው።

◆ ነዳጅና የመንግሥት ፍርሃት

የትራንስፖርቱ ታሪክ በሌላ በር ይገባል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 የዓረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ ሲጥሉ የዓለም ዋጋ ናረ። የንጉሡ መንግሥት በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ በ50 በመቶ ሲጨምር፣ የካቲት 11 የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። መንግሥት ጭማሪውን ቢቀንስም ጊዜው አልፎ ነበር፤ የመምህራኑ አድማ፣ የወታደሩ ቁጣና የድርቁ ኀዘን ተደራረቡ፣ በዚያው ወር የአክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። ዘውዱን የጣለው ቤንዚን ብቻ ነው ማለት ስሕተት ነው። ሆኖም ከዚያ ወዲህ በአራት ኪሎ የተቀመጠ ሁሉ የነዳጅ ዋጋን በተራ ዓይን አላየውም። ለአሥርት ዓመታት የዘለቀው ድጎማ አንዱ ምክንያቱ ይህ ትዝታ ነው።

ስለዚህ አዲስ አበባን ወደ ኤሌክትሪክ ትራንስፖርት የገፋት ከአየር ንብረት ስብከት ይልቅ የውጭ ምንዛሪ ጭንቀት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ነዳጁ በዶላር ይገዛል፤ ኤሌክትሪኩ በአገር ውኃ ይመነጫል። ምክንያቱ ጤናማ ነው። ችግሩ ጭንቀት ያቻኩላል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ደግሞ ሲሮጡ ይፈታል።

◆ ከሜክሲኮ እስከ ሜክሲኮ

ቀላል ባቡሩ በ475 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ አብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በተገኘ ብድር ተሠራ። የሰሜን–ደቡቡ መስመር መስከረም 9 ቀን 2008፣ የምሥራቅ–ምዕራቡ በጥቅምት መጨረሻ ሥራ ጀመሩ። ታሪፉ ሲጀመር 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር፤ ለቀን ሠራተኛና ለተማሪ ትልቅ እፎይታ ሆነ። የመጡት ባቡሮች 41 ነበሩ። ዓመታት ሲያልፉ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ፤ የቆመው ባቡር ለሚሄደው ዕቃ መለገሻ ሆነ። ሐዲዱ አለ፣ ኤሌክትሪኩ አለ፣ ተሳፋሪው አለ፤ የጠፋው ክፍሉ ነው።

እዚህ ላይ የአደባባዩን ስም ማስታወስ ይጠቅማል። ሜክሲኮ የፋሺስት ኢጣሊያን ወረራ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ከተቃወሙትና ይዞታውን ፈጽሞ ካልተቀበሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ናት፤ አደባባዩ የዚያ ውለታ መታሰቢያ ነው። እነርሱም በዋና ከተማቸው «ኢትዮጵያ» የሚባል አደባባይ አላቸው፤ ከሥሩ እ.ኤ.አ. በ1980 የተከፈተ፣ አርማው የአንበሳ ራስ የሆነ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ። በስም የተዋደዱት ሁለት አደባባዮች ሁለቱም በኤሌክትሪክ ባቡር መንገድ ላይ ናቸው።

ልዩነቱ የባቡሩ ቤት ነው። የሜክሲኮ ከተማ ሜትሮ እ.ኤ.አ. በ1969 ሲጀምር ባቡሮቹን ያመጣው ከፈረንሳይ ነው። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ግን የመንግሥት ፋብሪካቸው ኮንካሪል ባቡሮችን እዚያው አገር ውስጥ መሥራት ጀመረ። ያረጁ ባቡሮች ታድሰው እንደገና ወደ ሐዲድ የሚመለሱት የሚሠራ እጅና የሚሠራበት ቦታ ስላለ ነው። እነርሱም ቢሆኑ ሁሌ አልተሳካላቸውም፤ በግንቦት 2021 እ.ኤ.አ. የ12ኛው መስመር ድልድይ ተደርምሶ 26 ሰዎች ሞተዋል። የግንባታ ጉድለትና የጥገና ቸልታ ሰው እንደሚገድልም ያው ከተማ አስተምሯል።

◆ ተረኛው የኤሌክትሪክ መኪና

በጥር 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሏ ሲነገር ዓለም ተገረመ። ከዚያ ቀደም በ2014 የኤሌክትሪክ መኪና ከተጨማሪ እሴት፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ ተደርጎ፣ ለተገጣጠመው 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5 በመቶ ቀረጥ ተወስኖ ነበር፤ ተበታትኖ ገብቶ እዚህ ለሚገጣጠመው ቀረጡ ዜሮ ሆነ። ባለሥልጣናት የኤሌክትሪክ መኪናው ቁጥር ከ100 ሺህ አልፏል ይላሉ። አገሪቱ ኤሌክትሪኳን በሙሉ ማለት በሚያስችል ደረጃ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእንፋሎት ስለምታገኝ የመኪናው ንጽሕና እዚህ ከብዙ አገር ይልቅ እውነተኛ ነው።

ነገር ግን የአዲስ አበባ መኪና ታሪክ የሶማሌ ተራ ታሪክ ነው። ከደርግ ዘመን የመጡ ላዳ ታክሲዎች አራት አሥርት ዓመት የሄዱት ፋብሪካው ስለ ተጨነቀላቸው አይደለም፤ ማንኛውም ጋራዥ ስለሚያውቃቸው ነው። ቶዮታም የነገሠው በዚሁ መንገድ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ግን ሲታመም በኮምፒውተር ይመረመራል፤ ሶፍትዌሩ በአምራቹ እጅ ነው፤ ባትሪው ከመኪናው ዋጋ ትልቁን ድርሻ ይይዛል። ዓይነቱ ብዙ፣ አስመጪው ብዙ፣ ከሽያጭ በኋላ የሚገኘው ግን ጥቂት ከሆነ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ በየግቢው የሚቆመው መኪና ቀላል ባቡሩን ይመስላል። በዚያን ጊዜ ዕዳው የቤተሰብ ይሆናል፤ ቤት ሸጦ፣ ዕቁብ ጥሎ፣ ለራይድ ሥራ መኪና የገዛው ወጣት ዕዳ።

«ችግሩ ባለሙያ አይደለም፣ ዶላር ነው» የሚል መልስ ይመጣል። ግማሽ እውነት አለው፤ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በኋላ መለዋወጫ በብር ሲሰላ እጅግ ከብዷል። ግን ዶላሩ አጭር መሆኑ ሲገዛም ይታወቅ ነበር። አጭር ዶላር ያለው ገዢ ውል ሲፈርም ከባቡሩ ቁጥር አስቀድሞ የሚጠይቀው የትኛው ክፍል እዚህ ሊሠራ እንደሚችል፣ መመሪያውና የመመርመሪያው ሶፍትዌር ለማን እንደሚሰጥ፣ ስንት ሰው ሠልጥኖ እንደሚቀር ነው። በዜሮ ቀረጥ ለሚገጣጥመውም ያው ጥያቄ ይቅረብለት፤ ብሎን ማጥበቅ ብቻውን መሥራት አይባልም።

እስከዚያው ደግሞ መለዋወጫ የማይፈልገው ትራንስፖርት አይረሳ። ከአዲስ አበባ ጉዞ ግማሽ ያህሉ በእግር ነው። የሰፋ የእግረኛ መንገድ፣ ክዳኑ የማይሰረቅ የፍሳሽ ጉድጓድ፣ ማታ የሚበራ መብራት የንጹሕ ትራንስፖርት ፖሊሲ አካል ናቸው። እግረኛ ግን ሰልፍ አይወጣም፣ ማኅበርም የለው።

ከሜክሲኮ ጣቢያ ወደ ልደታ ሲሄዱ የሚቀጥለው ፌርማታ ተግባረ እድ ይባላል። ስሙን ያገኘው ከነፃነት ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1942 ከተቋቋመው የሙያ ትምህርት ቤት ነው፤ የአገሪቱን መካኒክና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከ80 ዓመት በላይ አሠልጥኗል። የቆሙት ባቡሮችም፣ ነገ የሚቆሙት ባትሪዎችም መዳኛቸው በዚህ ዓይነት ግቢ ነው። የባቡሩና የመኪናው ግዢ ሲፈረም እንዲህ ያለው ትምህርት ቤት ጠረጴዛው ላይ ወንበር ይኑረው።